እውነቱን ብነግራት ተቀየመችኝ፤ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በየሳምንቱ እየተገናኘን አብረን የምንሥል አምስት ጓደኛሞች ነን። በቅርቡ አንዷ የእናቷን ምስል በዘይት ቀለም ሥላ አመጣች። ዐውደ ርዕይ ላይ ልታቀርበው ሦስት ቀን ነበር የቀራት። ‹እንዴት ነው?› ስትለን ሌሎቹ ‹በጣም ቆንጆ ነው› አሏት። እኔ ግን መዋሸት ስላልፈለግሁ ‹ዓይኖቹ እኩል አይደሉም፣ ቀለሙ ደፍርሷል፣ ፊቱም ሕይወት የለውም› አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስደውልላት አታነሳም። ሥራ ማምጣትም አቁማለች። ከእንግዲህ እንደ ሌሎቹ ‹ቆንጆ ነው› እያልኩ ልለፍ? ወይስ ሰው ሳይጎዳ እውነቱን መናገር ይቻላል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ዝም አትበዪ። «ቆንጆ ነው» ማለት ለጊዜው ያስደስታል። ጓደኛሽ ቤቷ ገብታ ሥዕሏ ፊት ስትቆም ግን ምን ማድረግ እንዳለባት አይነግራትም። ያንቺም አስተያየት፣ እንዳይከፋሽና፣ አልነገራትም። ካልሻቸው ሦስት ነገሮች ሁለቱ ምናልባት ትክክል ናቸው። ሦስቱንም ይዛ ብትሄድ ግን ብሩሹን የት እንደምታሳርፍ አታውቅም። ስለዚህ ንግግርሽ የጎደለው ደግነት ብቻ አልነበረም። መረጃም ጎድሎታል።

ብዙ ሰው ሂስ ሲባል የሚታየው እውነትን ምን ያህል ማለስለስ እንዳለበት ነው። ትንሽ ካለሰለሰ ይጎዳል፣ አብዝቶ ካለሰለሰ ይዋሻል። እኔ ጉዳዩን እንደዚያ አላየውም። ሥዕል ሳስተምር ደጋግሜ የማየው ነገር ሌላ ነው። ሰው በጣም ጠንካራ አስተያየት ተቀብሎ አመስግኖ ይሄዳል፤ ለስላሳውን ሰምቶ ደግሞ ሆዱ ይብሳል። ልዩነቱን የሚያመጣው አስተያየት ሰጪው ሠሪው ሊደርስበት የፈለገውን ነገር ማወቅ አለማወቁ ነው። የጓደኛሽን ሥዕል እሷ ወደፈለገችው ቦታ እንዲደርስ ብታግዣት ያልሽው ቢመርም ትሰማሻለች። አንቺ ወደምትፈልጊው ቦታ ከጎተትሽው ግን በማር ለውሰሽ ብትነግሪያትም አትቀበልሽም።

ስለዚህ ከአስተያየት በፊት ጥያቄ ይቅደም። «እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነገር ፈልጎ ሊሆን ይችላል። አንዱ መሥራቱን እንድታዪለት ብቻ ይፈልጋል። ሌላው አንድ ቦታ ላይ ተጨንቋል፤ እጁ ይሁን ዳራው ራሱ ያውቀዋል፤ ግን አይናገርም። ሦስተኛው ሊያስረክብ ደርሷል፤ የሚፈልገው ድፍረት ነው። እነዚህን ሰዎች በአንድ መልስ ማስተናገድ አይቻልም። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ በመጠየቅ ነው፦ «የቱን ላይልሽ? አንቺ የተጨነቅሽበት ቦታ አለ?» ይህን ብትያት ኖሮ ምናልባት «ዓይኖቿ ላይ ነው የተቸገርኩት» ትልሽ ነበር። ራሷ ያነሳችውን ነገር ስትነግሪያት ደግሞ የምትሰማሽ እንደ ጓደኛ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ሥዕሉ የት ደረጃ ላይ ነው የሚለው ነው። ገና በከሰል የተነደፈ ሥራ ላይ ስለ ቅንብሩ፣ ስለ አካል ምጥጥኑ፣ ስለ ትልልቁ የብርሃንና የጥላ ክፍፍል መናገር ይቻላል። ሁሉም ገና ይንቀሳቀሳል። ዐውደ ርዕይ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን የዘይት ቀለም ፊት እንደገና አይሣልም። ወፈር ብሎ የተቀባ ዘይት ቀለም በሦስት ቀን በቅጡ አይደርቅም። እርጥቡ ላይ እየደጋገሙ መቀባት ደግሞ ቀለሙን የባሰ ያደፈርሰዋል። «ፊቱ ሕይወት የለውም» ያልሻት በዚያ ሰዓት ነው። ልታስተካክለው የማትችለውን ነገር ይዛ ዐውደ ርዕይ ገባች። በዚያ ቀን ሊጠቅማት የሚችለው በአንድ ምሽት የሚሠራ ነገር ነበር፤ አንድ የጠነከረ ጠርዝ ማለስለስ፣ አንድ የሚያንጸባርቅ ቦታ በቀጭን ቅብ ማደብዘዝ። የቀረው ከዐውደ ርዕዩ በኋላ ይደርሳል።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የቫን ጎግና የአንቶን ቫን ራፓርድ ታሪክ ነው። ሁለቱ ሰዓሊዎች የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1880 ሲሆን ለዓመታት ደብዳቤ ተጻጽፈዋል፣ ሥራ ተለዋውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1885 በአውሮፓ የጸደይ ወራት ቫን ጎግ «ድንች ተመጋቢዎቹ» የተባለውን ሥዕል ሲሠራ የዚያኑ ሥዕል የሊቶግራፍ (በድንጋይ ላይ ተነድፎ የሚታተም) ህትመት ለጓደኛው ላከለት። ራፓርድ በግንቦት ወር የጻፈለት መልስ ምሕረት የለሽ ነበር። በስተቀኝ ያለው ሰውዬ ጉልበት፣ ሆድና ሳንባ እንዳይኖረው ማን ከለከለው? ክንዱስ ለምን አጠረ? የአፍንጫው ግማሽስ የት ሄደ? ሴትዮዋ እጇን የያዘችበትን ሁኔታ ሐሰት ነው አለው። ሲጨርስም ሥነ ጥበብ እንዲህ በግዴለሽነት የሚያዝ ነገር እንዳልሆነ ነገረው። ቫን ጎግ ደብዳቤውን መልሶ ላከለት። ከዚያ በኋላ ጥቂት ረጃጅም ደብዳቤዎች ተጻጻፉ፤ በዚያው ዓመት ግን ጓደኝነቱ አበቃ።

ራፓርድ ያየው ነገር ተሳስቶ አልነበረም። ክንዱ አጭር ነው። አካሉም እንደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ንድፍ አልተለካም። ነገር ግን ሁለት ነገር አመለጠው። አንደኛ፣ የሰዓሊውን ሐሳብ አልጠየቀም። ቫን ጎግ ለወንድሙ የጻፈው እንደሚያሳየው፣ ሊያሳይ የፈለገው እነዚህ ሰዎች ወደ ሳህኑ በሚዘረጉት በዚያው እጅ መሬት መቆፈራቸውን ነው። ለስላሳና የተስተካከለ አካል ያንን አይናገርም። ሁለተኛ፣ ራፓርድ ሥዕሉን አላየም። ያየው ህትመቱን ነው፤ እሱንም ቫን ጎግ በጥድፊያ ከትዝታው የሠራው ነበር። በዚህ ደብዳቤ ላይ ሦስት ጥያቄ ቢቀድም ኖሮ ያው አስተያየት ራሱ ጠቃሚ ሊሆን ይችል ነበር። «ሰዎቹ እንዲህ የከበዱትና የተጣመሙት አስበህበት ነው? ክንዱ ማጠሩ ያንን የሚያግዝልህ ይመስልሃል? በቀለም ያለውስ እንዲሁ ነው?» በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ አንድም ውሸት የለም፤ ክንዱም አሁንም አጭር ነው።

ራፓርድን ያነሳሁት ሌላም ምክንያት አለኝ። ዛሬ አብዛኞቻችን የምናየው ሥራ በስልክ ፎቶ የተላከልንን ነው። ስልክ ብርሃኑን ራሱ ይመጥናል፣ ጥላውን ይከፍታል፣ ቀለሙን ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቢጫ ይጎትታል። ስለዚህ በፎቶ ባየሽው ሥራ ላይ ስለ ቀለም ከመናገርሽ በፊት «በአካልም እንዲህ ነው?» በያት። ስለ ቅንብርና ስለ ምጥጥን ግን ፎቶው ከጎን ካልተነሳ በቀር መናገር ትችያለሽ።

አሁን ወደ ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮችሽ ልመለስ። ሦስቱም ፍርድ ናቸው። ፍርድ የምታወጪው የሆነ ነገር አይተሽ ነው። ያየሽውን ትተሽ የፈረድሽውን ብቻ ነገርሻት። ሥራሽ መሆን ያለበት ወደኋላ ተመልሶ «ዓይኔ ምን አይቶ ነው እንዲህ ያልኩት?» ብሎ መፈለግ ነው።

«ዓይኖቹ እኩል አይደሉም» እንበል። የማንም ሰው ዓይኖች ፍጹም እኩል አይደሉም፤ ስለዚህ የረበሸሽ ሌላ ነገር መሆን አለበት። በምስል ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይህ ነው፦ ጭንቅላት ዘንበል ሲል የዓይኖች መስመርም የአፍ መስመርም አብረው ይዘነብላሉ። ሰዓሊው አፉን አዘንብሎ ዓይኖቹን አግድም ከተወ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም ፊቱ ይጣመምበታል። ያየሽው ይህ ከሆነ አስተያየትሽ እንዲህ ይሆናል፦ «ጭንቅላቷ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፣ አፏም አብሮ ዘንብሏል። የዓይኖቿ መስመር ግን ቀጥ ያለ መሰለኝ። እስቲ በመስታወት እዪው።» መስታወቱን በከንቱ አላነሳሁትም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ሰዓሊ ሥራውን በመስታወት እያየ እንዲፈትሽ ይመክር ነበር። ሥዕሉ ግራና ቀኙ ሲገለበጥ ለሠሪው እንግዳ ይሆንበታል፤ የለመደው ዓይኑ የደበቀበት ሁሉ ብቅ ይላል። ከሁሉም በላይ ስህተቱን ያገኘችው እሷ ትሆናለች። አንቺ ያደረግሽው የት እንደምትመለከት ማሳየት ብቻ ነው።

«ቀለሙ ደፍርሷል» ስትይ ሸራው በሙሉ ደፍርሷል ማለትሽ አይመስለኝም። የት ነው የደፈረሰው? ቀለም የሚደፈርሰው በጥቂት ምክንያቶች ነው። ብዙ ቀለም አንድ ላይ ሲደባለቅ፣ ብሩሹ ሳይጸዳ ከጥላ ወደ ብርሃን ሲሄድ፣ እርጥብ ቅብ ሲታሸት፣ ጥላው ሁሉ በጥቁር ብቻ ሲጨልም። የትኛው እንደሆነ ከለየሽ የምትናገሪው ያጥራል፦ «ከአገጯ ሥር ያለው ጥላና ከኋላዋ ያለው ግራጫ አንድ ሆነውብኝ አገጯ የት እንደሚያበቃ ዓይኔ አጣው። ጥላው ውስጥ ትንሽ ሞቅ ያለ ቀለም ቢገባስ?» አንድ ቦታ፣ አንድ ምክንያት፣ አንድ መላ። መላው ትክክል ላይሆን ይችላል። ቦታው ግን ተጠቁሟል።

ከሦስቱ ከባዱ «ፊቱ ሕይወት የለውም» የሚለው ነው። ይህ ፊት ደግሞ የእናቷ ነው። እንዲህ ያለ ቃል በማንም ምስል ላይ ቢባል ያማል፤ በእናት ምስል ላይ ሲባል ስለ ቀለም መሆኑ ይቀራል። እና ስለ ምን ነበር? ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ ብታዪው ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቁ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ምናልባት በሥዕሉ ላይ ብሩሁ ቦታ የእናቷ ፊት ሳይሆን የነጠላዋ ጠርዝ ወይም የቀሚሷ አንገት ሆኖ ታገኚዋለሽ። ዓይን ደግሞ መጀመሪያ ወደ ብርሃን ይሄዳል። ወይም የፊቱ ጠርዝ ዙሪያውን እኩል ስለጠነከረ ተቆርጦ የተለጠፈ መስሎ ይሆናል። «ዓይኔ ደጋግሞ ወደ አንገትጌዋ እየሄደ ፊቷ ላይ አልቆይ አለኝ» ብትያት እውነቱን ሁሉ ነገርሻት። አንገትጌውን ደግሞ በሦስት ቀን ማደብዘዝ ይቻላል።

ልብ በይ፤ ከላይ የጻፍኳቸው አስተያየቶች በ«ዓይኔ» እና በ«መሰለኝ» የተሞሉ ናቸው። ይህ ትሕትና ለማስመሰል አይደለም። ስለ ሥዕሉ በእርግጠኝነት የምታውቂው አንቺ ላይ ያደረገውን ነው። ሰዓሊውም በጣም የሚያስፈልገው ይህ መረጃ ነው፤ ምክንያቱም የራሱን ሥራ እንደ አዲስ ተመልካች ማየት ፈጽሞ አይችልም።

አስተያየት ሁሉ ይጠቅማል ብለን ማሰባችንም ልክ አይደለም። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት በዘርፉ የተሠሩ የቀድሞ ጥናቶችን ሰብስበው 607 ውጤቶችን አነጻጽረው ነበር። አስተያየት በአማካይ የሰዎችን ሥራ አሻሽሏል፤ ከሦስት አንድ በሚበልጠው ጊዜ ግን ጭራሽ አበላሽቶታል። ማብራሪያቸው የአስተያየቱ ትኩረት ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ማንነት በሄደ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል የሚል ነው። ጥናቱ ስለ ሥዕል ብቻ አይደለም። ሆኖም ስቱዲዮ ውስጥ የማየው ይኸው ነው። «ምጥጥን አትችይም» የተባለች ልጅ ስለ ራሷ ታስባለች፤ «ክንዱ ከክርኑ በታች አጠረ» የተባለችው ስለ ክንዱ ታስባለች። እና ሙገሳም ከዚህ ነጻ አይደለም። «አንቺማ ተሰጥኦ አለሽ» ሲባል ትኩረቱ ያው ከሸራው ወደ ሰውየው ይሄዳል፤ ቀጣዩን ሥራ ለማሳየት የሚፈራ ሰው ይፈጥራል።

ታዲያ አታሞግሺ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ብዙዎች ሙገሳን የሚጠቀሙበት መንገድ ያሳዝነኛል፤ መራራውን ክኒን ለማስዋጥ ብቻ ከላይና ከታች ይለጥፉታል። ሰሚውም «ግን» የምትለዋን ቃል ይጠብቃል እንጂ ሙገሳውን አይሰማም። ከአንገት በላይ መሆኑን ያውቃላ! የእውነት ሙገሳ የራሱ ሥራ አለው። ሰዓሊ አንድ ጉድለት ሊያስተካክል ሲነሳ ከጎኑ ያለውን ደህና ቦታ አብሮ ያበላሻል፤ ደህና መሆኑን ስለማያውቅ። «የግራ እጇን እንዳትነኪው፤ ጣቶቿን በሦስት ምት ብቻ ጨርሰሽዋል፣ ክብደታቸው ግን ይታየኛል» ብትያት እጁን አዳንሽው። ይህ ከየትኛውም ትችት እኩል ይጠቅማል። ስለዚህ ምን መቀየር እንዳለበት ስትነግሪያት ምን መቆየት እንዳለበትም በዚያው ጥንቃቄ ንገሪያት።

አንድ ነገር ደግሞ በጭራሽ አይደረግም። የሌላ ሰው ሸራ ላይ ብሩሽ አታሳርፊ፤ ብትለምንሽም እንኳ ሁለቴ አስቢ። ፈረንሳዊቷ ሰዓሊ በርት ሞሪዞ የእናቷንና የእህቷን ምስል እ.ኤ.አ. በ1870 ለፓሪስ ሳሎን፣ ማለት ሥራ ተመርጦ ለሚታይበት ትልቅ ዐውደ ርዕይ፣ አዘጋጅታ፣ ልትልከው ስትል ሰዓሊውን ኤዱዋር ማኔን አስተያየት ጠየቀችው። ማኔ ደህና ነው፣ የሚቀረው የቀሚሱ ታችኛው ክፍል ብቻ ነው አላትና ብሩሹን አነሳ። ከቀሚሱ ወደ ላይ ወጣ፣ ፊቱን ነካ፣ ከኋላ ያለውንም ነካ፤ እየተጫወተ ቀጠለ። ሥዕሉን የሚወስደው ጋሪ መጣና እንደዚያው ሆኖ ሄደ። ሳሎኑ ሥዕሉን ተቀብሎ አሳየው። ሞሪዞ ግን ከመመረጡ በፊት ለእህቷ ስትጽፍ ሥዕሉ ውድቅ እንዲሆን ትመኝ ነበር። ማኔ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያከብራትም ነበር። ግን የሷን ሥዕል የራሱ አደረገባት። ማሳየት ካለብሽ በሌላ ወረቀት ላይ፣ በራስሽ እርሳስ፣ ነድፈሽ አሳያት። ወረቀቱን ብትጥለውም ሥዕሏ አይነካም።

ለቡድናችሁ ደግሞ አንድ ሥርዓት ልጠቁም። አሜሪካዊቷ የውዝዋዜ ባለሙያ ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምራ ያዳበረችው ባለ አራት ደረጃ አካሄድ አለ፤ ለሥዕልም በደንብ ይሠራል። መጀመሪያ ተመልካቾች ምን እንደነካቸው፣ ምን እንደታወሳቸው ይናገራሉ። ቀጥሎ ሠሪዋ ራሷ ትጠይቃለች። ከዚያ ተመልካቾች ፍርድ ያልተሸከመ ጥያቄ ያነሳሉ፤ «ዳራውን ለምን እንዲህ ጨለማ አደረግሽው?» ብሎ ነገር አይሠራም፣ «ዳራውን ስትመርጪ ምን አስበሽ ነበር?» ግን ይሠራል። አስተያየት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም በፈቃድ፦ «ስለ ዳራው ሐሳብ አለኝ፤ መስማት ትፈልጊያለሽ?» እሷም «አይ» ማለት ትችላለች። ሰው እምቢ የማለት መብት ሲኖረው ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። አምስት ሰው ብቻ ስትሆኑ ይህን ሁሉ ቃል በቃል መከተል አያስፈልግም። ከአስተያየቱ በፊት ሠሪዋ ራሷ መጠየቋ ግን መቅረት የለበትም።

ያልጠየቀን ሰው ሥራ አትተቺ። የሥዕል ስልቱን የማትወጂውን ሰው ከሆነ ደግሞ «ይህ ስልት ለኔ አይቀርበኝም፤ ስለዚህ ጥሩ ዳኛ አልሆንም» ማለት ሐቀኛ መልስ ነው። ሥራው ከሌላ ሰው የተቀዳ መስሎ ከታየሽ ግን በቡድን ፊት አታንሺው። ለብቻ ወስደሽ ጠይቂ፤ ፈቃድ ይዛ ሊሆን ይችላል።

ጓደኛሽስ? መደወሉን ለጊዜው ተዪው፤ አጭር መልእክት ላኪላት። እውነት በመናገርሽ ይቅርታ አትጠይቂ፤ እሷም አታምንሽም። ይቅርታ የሚጠየቅበት ሌላ ነገር አለ። በሰው ፊት ነበር፣ ሦስት ቀን ሲቀራት ነበር፣ ሐሳቧንም አልጠየቅሻትም። እንዲህ ብትያትስ? «የእናትሽን ሥዕል በዚያ ሰዓት፣ በሰው ፊት፣ እንደዚያ መናገሬ ልክ አልነበረም። ምን ልታሳዪ እንደፈለግሽም አልጠየቅኩሽም። ሲመችሽ ስለ ሥዕሉ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።» ከዚህ በላይ አትጻፊ። የቴክኒክ ማብራሪያ አትጨምሪበት፤ ስለ አንገትጌው ያልኩሽንም ለጊዜው ያዢው። መልስ ለመስጠት ሳምንታት ቢፈጅባት አትጎትጉቻት።

ከተመለሰች መጀመሪያ የራስሽን ሥራ አሳያት። ያላለቀ፣ አንቺም የተቸገርሽበት ይሁን። «እዚህ ትከሻው ላይ ጠፍቶብኛል፤ ምን ይታይሻል?» በያት። ስትነግርሽ አትከራከሪ፣ አታስረጂ፤ ማስታወሻ ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ያልገባሽ ካለ የት ቦታ እንደሆነ በጣቷ እንድታሳይሽ ጠይቂያት።